ምልክት ከሆነ ግዴታ ለምን ሆነ?

ቂርያት ዔቅሮን ውስጥ ከእኩዮቼ ጋር ስለ 1985ቱ (እ.ኤ.አ.) ተቃውሞ ሳወራ አንድ አስተያየት ይደጋገማል፦ «ራባኑት የጠየቀው ምልክት ብቻ ነው፤ ሚቅቬ ገብቶ መውጣት ምን ይከብዳል?» እኔ በዚህ አልስማማም።

ወላጆቻችን ውሃ አልጠሉም። ጎንደር እያሉ የሌላ እምነት ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው ይታጠቡ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ያሏቸውም ለዚህ ነው። የከበዳቸው የውሃው ትርጉም ነው።

ክርስቲያኖችም በዚሁ ጉዳይ ይከራከራሉ። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጥምቀት ለመዳን የግድ ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ብዙ ጴንጤዎች ደግሞ የሚያድነው እምነት ነው፣ ውሃው ምስክር ነው ይላሉ። ሁለቱም አቋማቸው ግልጽ ነው። ራባኑት ግን ምልክት ነው እያለ፣ ያልተነከረ ሰው እንዳያገባ ከለከለ።

«ጥርጣሬን ለማስወገድ ነው» የሚል መልስ አለ። ግን ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወስነው ነበር። ከዚያ በኋላ ሚቅቬ የገባ ሰው ጥርጣሬውን በገዛ አካሉ ይፈርማል።

ይህ ለእነሱ አዲስ አልነበረም። በትውፊታችን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀን ርስት ነሱት ይባላል። ያኔ ከውሃው ማዶ መሬት ነበር፤ በ1985 ጋብቻ። ኢየሩሳሌም፣ ራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል የተቀመጡት ለዚህ ነው። እኛም «ምን ይከብዳል?» ከማለታችን በፊት፣ እምቢ ያለ ሰው ምን እንደሚያጣ እንጠይቅ።