ምንጩን «ያገኘው» መንገደኛ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ጉዞውን የተረከበት ባለ 5 ቅጽ መጽሐፍ በ1790 ታተመ። ርእሱ የናይልን ምንጭ «ለማግኘት» መጓዙን ይናገራል። ጥያቄዬ በዚህች ቃል ላይ ነው፤ ምን ጠፍቶ ነበርና ነው የተገኘው?

ብሩስ ጥሩ ዐይን አለው። ነዋሪዎቹ ምንጩን ስለሚያከብሩ ጫማውን ማውለቁን፣ ቁልቁል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ መውደቁን፣ ከውኃው ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ ሣልሳዊ ጽዋ ማንሣቱን ሳይደብቅ ጽፏል። አንባቢም አብሮት ይሮጣል። የመጽሐፉ ጣዕም እዚህ ነው።

የሚጎመዝዘው የቀደሙትን ሲክድ ነው። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር በዚያው ስፍራ ቆሟል፤ ብሩስ ግን «አልደረሰም» ብሎ ይሟገታል። ከሁለቱም በፊት በምንጩ ዙሪያ የኖሩ የአገው ሰዎች ነበሩ። ስለ እነርሱ የሚነግረን ራሱ ብሩስ ነውና መጽሐፉ የገዛ ርእሱን ያፈርሳል።

ጌታችን በመንገድ ደክሞ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ሲቀመጥ ውኃ የለመነው ከአገሬዋ ሴት ነበር። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ደቀ መዛሙርቱ ሌሎች በደከሙበት እንደ ገቡ አሳስቧቸዋል።

እኛም ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥተን ጥንታዊ ስፍራ ስንጎበኝ ፎቶ አንሥተን «ደረስሁ» እንላለን። ማን ጠብቆ አቆየልን? ብዙውን ጊዜ በእምነት የማንስማማቸው ካህናትና ገበሬዎች ናቸው። ልዩነታችን ድካማቸውን ለመካድ ምክንያት አይሆንም። ማስታወሻችንን ስንጽፍ ከእኛ ስም በፊት የእነርሱን ድካም እናስቀድም፤ እውነት መናገር ከዚህ ይጀምራልና።