አኒሞን ያለበት ገንዳ እንዴት ይገመገማል?

የጨው ውሃ ገንዳ ፊት የቆመ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ብርቱካናማዋ ክላውን ዓሣ ላይ ነው። እሷ ግን ስለ ባለቤቱ ሙያ ብዙም አትናገርም፤ አኒሞን በሌለበት ገንዳም ደህና አድርጋ ትኖራለች። የሚመሰክረው ከሥሯ የተዘረጋው እንስሳ፣ አኒሞኑ፣ ስለሆነ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እግሩን ነው።

በቤት ገንዳ የተለመደው፣ የጣቶቹ ጫፍ አረፋ መስሎ የሚነፋው ዝርያ፣ ሲመቸው እግሩን ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጉጥና ጣቶቹን ብቻ ወደ ብርሃን ይዘረጋል። ከዚያ ወራት ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ብርሃኑ ወይም የውሃው ፍሰት ካልተስማማው ግን ተነስቶ ይዞራል፤ ሲዞርም ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ይበጣጠሳል፣ ውሃውንም በክሎ ዓሦቹን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የፓምፖቹ አፍ በስፖንጅ ወይም በወንፊት ተሸፍኖ ካየሁ ባለቤቱን ማክበር እጀምራለሁ።

ጀማሪን የሚያታልለው ቀለም ነው። ሱቅ ውስጥ እንደ ወተት ነጥቶ የሚያበራው አኒሞን ረሃብተኛ ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ እየኖሩ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለት ጥቃቅን አልጌዎች ጥለውት ሄደዋል። ዓይን የሚወጋ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ቀለም ተነክሮ ሊሆን ይችላል። ቀይም ይሁን አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቡናማ ጥላ ያለውን ምረጡ። ተርታ የሚመስለው ቡናማማ ከሁሉም ይሻለኛል።

ቀጥሎ ጠጋ ብላችሁ አፉን እዩ። በመሐል ላይ ጥብቅ ብሎ መዘጋት አለበት። ተከፍቶ የውስጡ ሥጋ ብቅ ቢል ወዲያው አትፍረዱ፤ የሚበላውም የሚያስወግደውም በዚያው አንድ ቀዳዳ ነውና እያስወጣ ይሆናል። በማግሥቱም እንደተከፈተ ከሆነ ግን ነገር አለ። ትንሽ የሽሪምፕ ቁራጭ ሲነካው ጣቶቹ ተጣብቀው መያዝ፣ ቀስ እያሉም ወደ አፉ ማጠፍ አለባቸው። ቁራጩ ተንሸራቶ ከወደቀ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

አኒሞኑ ለሁለት ሲከፈል ባለቤቶች ይፎክራሉ። እኔ እጠራጠራለሁ፤ ጠግቦም ይከፈላል፣ ተጨንቆም ይከፈላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሁለቱም ግማሾች መልሰው ሲሰፉ ነው።

የመለኪያው ቁጥር የታወቀ ነው፤ ጨዋማነት 1.025 አካባቢ፣ ሙቀት ከ25 እስከ 27 ዲግሪ። የሙያ ምልክቱ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ነው። አዋቂዎች አኒሞን ከማስገባታቸው በፊት ገንዳው ቢያንስ 6 ወር እንዲበስል ይጠብቃሉ፤ ትናንት በተሞላ ገንዳ ያማረ አኒሞን አያስደንቀኝም።

ስኮትላንዳዊው ጆን ዳልየል እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳርቻ ያነሳው አኒሞን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እስከ 1887 ኖሯል፤ ኤድንብራ ውስጥ፣ በብርጭቆ ዕቃ፣ የባሕር ውሃ እየተቀየረለት። የቀዝቃዛ ባሕር ዝርያ ነውና የእኛዎቹን ያህል ብርሃን አይፈልግም፤ ቢሆንም ዕድሜው ዕድሜ ነው። ስለዚህ አንዱ «ይሄ ዓመት ሞላው» ብሎ ሲኮራብኝ፣ ከእሱ በፊት ስንት እንደሞተበት እጠይቀዋለሁ።