ከመሕረም ልጅነት ወደ እለ ዐሚዳ ልጅነት

የአክሱም ነገሥታት ክርስትናን ስለ መቀበላቸው በተነሣ ቁጥር በማስረጃነት የሚጠቀሱት የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ላይ ጽሑፎች ናቸው። የታሪክ ሊቃውንት ዘመን ሊቆጥሩባቸው፣ የቋንቋ ሊቃውንት ሰዋስው ሊያወጡባቸው ብዙ ደክመዋል። እንደ ድርሰት ያነበባቸው ግን ጥቂት ነው። የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ትምህርታችንም በአንድ አንቀጽ አልፏቸው ወደ መጻሕፍት ትርጉም ይሮጣል።

ንጉሡ በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ያስቀረጻቸውን ጽሑፎች ከተቀበለ በኋላ ስለ ኖባ ዘመቻ በግዕዝ ካስቀረጸው ጋር ያስተያየ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያስደንቀው መመሳሰላቸው ነው። ስምና ማዕረግ፣ የሚገዙ አገሮች ዝርዝር፣ የጠላት በደል፣ ዘመቻ፣ የምርኮ ቁጥር፣ በመጨረሻም መንበር ማቆምና የሚያፈርሰውን መርገም፤ ቅርጹ አልተነካም። በኖባው ጽሑፍ 758 ሙታን፣ 629 ምርኮኞች፣ 10,560 ከብትና 51,050 በግ ተቆጥረዋል። አዲሱ እምነት የቆጣሪውን እጅ አላንቀጠቀጠውም።

ለውጡ ያለው በአንድ ቅጽል ላይ ነው። በቀድሞዎቹ ጽሑፎች ኢዛና በጠላት የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ ነው። በኖባው ጽሑፍ ያው «የማይሸነፍ» የሚለው ቅጽል ቃል በቃል ሰፍሯል፤ አባትየው ግን እለ ዐሚዳ፣ ማለትም ሥጋዊ አባቱ፣ ሆኗል። ጸሐፊው ሐረጉን ቢሰርዘው ኖሮ ስለ ሃይማኖት መለወጥ ብቻ በተናገርን ነበር። አባቱን ለውጦ ቅጽሉን ማስቀረቱ ግን ንጉሥነት ምን እንደ ሆነ ዳግም መበየን ነው። የአምላክ ልጅ የነበረው የሰው ልጅ ሲሆን ኃይሉ ከደሙ ሊመነጭ አይችልምና «በእግዚአ ሰማይ ኃይል» የሚለው አነጋገር በየዘመቻው እርምጃ ይደጋገማል። ቀድሞ ለመሕረም የሚቀርበው ከምርኮው የተከፈለ ስጦታ ነበር። አሁን ግን ንጉሡ ሕዝቡን ሳይበድል በጽድቅ ሊገዛ ቃል ይገባል። በእኔ አስተያየት የጽሑፉ ክብደት ያለው ከከብቱ ቁጥር ይልቅ በዚህች አጭር ቃል ላይ ነው።

የግዕዙ ጽሑፍ ክርስቶስን በስም አለመጥራቱን ይዘው የንጉሡን ክርስትና የተጠራጠሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘው የግሪክኛ ጽሑፍ ግን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል፤ ንጉሡንም የክርስቶስ ባሪያ ይለዋል። ልዩነቱን ከእምነት ጉድለት ይልቅ ከአንባቢ ልዩነት ጋር ማያያዙ የተሻለ ይመስለኛል። ግሪክኛ የሚያነበው የባሕር ማዶ ሰው ክርስቲያኑን ንጉሥ በስሙ ያውቀዋል፤ ለአገሬው ደግሞ «የሰማይ ጌታ» ከለመደው አነጋገር ብዙ የማይርቅ ስያሜ ነው።

በ6ኛው መቶ ዓመት ካሌብ በግዕዝ ቋንቋ፣ በደቡብ ዐረብ ፊደል ባስቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የመዝሙረ ዳዊት ቃላት ገብተዋል። ኢዛና ስለ ድሉ የተናገረው በራሱ ቋንቋ ነበር፤ ካሌብ ግን በዳዊት አንደበት ይናገራል።