ርካሹ ዋይፋይ ስንት ያስወጣናል?

ቤይሩት ውስጥ ቤት ተከራይተን የምንኖር እህቶች ዋይፋይ ስናስገባ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «በወር ስንት ነው?» መልሱ ካነሰ እሺ እንላለን። ይህን የምተቸው ገንዘብ ተርፎን አይደለም። አንዱን ክፍል ለአምስት ለምንካፈል ሰዎች ሦስት ዶላርም ወሬ ነው። ግን ሳሩን አይተን ገደሉን ስንስት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔም ስቻለሁ።

ምርጫችን ጠባብ ነው። የመሥመር ስልኩ የመንግሥቱ የኦጄሮ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ባለቤት ስም ስለሚሆን እኛ እጅ አይገባም። የሚቀረን የሰፈሩ ኢሽቲራክ ነው፤ ልክ እንደ ሞተሩ መብራት፣ ከጣራ ጣራ ገመድ የሚስበው ሰውዬ። ካልሆነ የስልክ ካርድ መሙላት ነው።

ሰውዬው «20 ሜጋ» ይለናል። መጠየቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ እሱ የሚቆጥረው በሜጋቢት ነው። ፋይል ስናወርድ ስልኩ ላይ የምናየው ግን ሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 20ው ቢበዛ 2.5 ይሆናል። ሁለተኛ፣ ያ 20 የኛ ብቻ አይደለም፤ ለሕንፃው ሁሉ ይከፋፈላል። ማክሰኞ ጠዋት የሚበር ዋይፋይ እሑድ ማታ፣ ሁሉም ቤት ሲገባ ይሞታል። ሦስተኛ፣ ፊልም ለማየት የሚወርደው ፍጥነት ይበቃል። ከእናት ጋር ፊት ለፊት ለማውራት ግን የኛም መልክ መሄድ አለበት፤ የሚወጣው ፍጥነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሚወርደው ያንሳል። ዩቲዩብ እየሠራ ኢሞ የሚቆራረጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

መብራቱንም አንርሳ። የኛ ራውተር በትንሽ ባትሪ ቢሠራ እንኳ የሰውዬው ዕቃ መብራት ከሌለው ከንቱ ነው። በፈረንጆች 2022 መግቢያ ላይ ናፍጣ አልቆ የኦጄሮ ማዕከልም ቤይሩት ውስጥ ቆሞ ነበር። መንግሥት ከቆመ የሰፈሩ ሰውዬ አይቆምም ማለት አይቻልም። ስለዚህ «መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ማለት ዋጋ ከመጠየቅ አይተናነስም።

አሁን እናስላ። ርካሹ 12 ዶላር፣ ሌላው 18 ነው እንበል። ርካሹ በወር አሥር ቀን ከጠፋና ለዚያ 10 ዶላር ካርድ ከሞላን 22 ከፈልን። ርካሽ ያልነው ተወደደ።

ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ያው ገመድ በሌላ ስም ተወዶ ሊሸጥ ይችላል። ደግሞም ጥሪ ሁለት ጫፍ አለው፤ ቤተሰብ ያለበት ገጠር ኔትወርክ ካልያዘ እዚህ የምንጨምረው ዶላር አያገናኘንም። መጀመሪያ እዚሁ ቤይሩት ላለች ጓደኛ በቪዲዮ ደውሉ። ከሷ ጋር ጥርት ካለ ችግሩ ምናልባት ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ገንዘባችሁን ያዙ። ከሷም ጋር ከተቆረጠ እዚሁ ነው። አዲስ ስታስገቡም የሦስት ወር አስቀድማችሁ አትክፈሉ፤ ሙከራ ጠይቁና እሑድ ማታ ሞክሩት።

አንዳንዷ «ለኔ ድምፅ ብቻ ይበቃኛል» ትላለች። ትክክል ናት፤ ለሷ ርካሹ ይበቃል። ግን እሑድ እኛ ቤት ማን እንደሚመጣ እናስብ። ማዳም ቤት የምታድር፣ ሳምንቱን ሙሉ ዋይፋይ የተከለከለች እህት ቡና ለመጠጣት ብቻ አይደለም የምትመጣው፤ ልጇን ለማየት ነው። ያላት ያቺ ሁለት ሰዓት ናት። የኛ ኢንተርኔት ያን ጊዜ ከተቆረጠ እሷ የምትጠብቀው እስከ ነገ ሳይሆን እስከ ሌላ እሑድ ነው፤ ያውም ከተለቀቀች። ስድስቱን ዶላር ስንከራከር እሷንም እንቁጠራት።