የሲስሊ ታይሰን እርምጃ

አንዲት የ110 ዓመት አሮጊት በትሯን ተደግፋ ወደ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ታዘግማለች። እዚያ ለነጮች ብቻ የተፈቀደ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ አለ። ፖሊሶች ቆመው ያዩዋታል። ቃል አትተነፍስም። ጎንበስ ብላ ትጠጣለች፤ እንደ አመጣጧ ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየው «የሚስ ጄን ፒትማን የሕይወት ታሪክ» የሚያበቃው በዚህ ነው። አሮጊቷን ሆና የተጫወተችው ሲስሊ ታይሰን ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር።

ፊልሙ የተወሰደበትን የኧርነስት ጌንስን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው አሮጊቷ ከቧንቧው የምትጠጣበት ትዕይንት የፊልሙ ፈጠራ መሆኑን ያውቃል። ያን ሁሉ ትግል ወደ አንድ ጉንጭ ውሃ ማሳነስ ነው ቢባል እኔም ለመከራከር ያዳግተኛል። ዳሩ ግን እግሯን ተመልከቱ! የፊቷን መጨማደድ የሜካፕ ባለሙያዎች ሠርተውታል፤ ለዚያም ተሸልመዋል። ጉልበቷ ላይ ያለውን እርጅና ግን የሠራችው ራሷ ናት።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርቲን ሪት «ሳውንደር» ውስጥ፣ እነዚሁ እግሮች ሲሮጡ አይተናል። ለልጆቹ ሥጋ ሰርቆ ግዞት የተላከው ባሏ እያነከሰ ሲመጣ ከሩቅ ታየዋለች። መጀመሪያ ዓይኗን አታምንም። ከዚያ በሜዳው ላይ እንደ ልጃገረድ ትበራለች። ለኦስካር ታጭታበት ሽልማቱ ለላይዛ ሚኔሊ ሆነ።

እንዲህ ያለች ተዋናይት ከዚያ በኋላ ሥራ በሥራ መሆን አልነበረባትም? አልሆነችም። በ1963 በተጀመረው «ኢስት ሳይድ ዌስት ሳይድ» ተከታታይ ድራማ ላይ ፀጉሯን ሳትተኩስ፣ እንደ ተፈጥሮው አድርጋ የቀረበች ሴት፣ ጥቁርን የሚያዋርድ ገፀ ባሕርይ አልጫወትም ብላ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጣለች። የእምቢታዋ ዋጋ ይኸው ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው፤ የፊልም ሠሪዎቹ አክብሮት ራሱ ወጥመድ ሆነባት። በ1977 «ሩትስ» ላይ የኩንታ ኪንቴ እናት ሆነች፤ በ2011 «ዘ ሄልፕ» ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ብቅ ያለች አሮጊት ሞግዚት። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ደግ፣ ሁልጊዜ ታጋሽ እናት!

በጃንዋሪ 2021 በ96 ዓመቷ ከማረፏ በፊት አንድ ቴሌቪዥን ይህን ሰብሮላታል። በ2015 «ሃው ቱ ጌት አዌይ ዊዝ መርደር» ላይ ኦፊሊያ የምትባል፣ ምላሷ የሚጋረፍ እናት ሆናለች። ልጇ ቫዮላ ዴቪስ ወለል ላይ ጉልበቷ ሥር ተቀምጣለች። እናት ፀጉሯን እያበጠረች፣ ልጇን በልጅነቷ የደፈረውን አጎት እንዴት ከነቤቱ በእሳት እንዳጋየችው ታወራላታለች። በዚህ ትዕይንት እግሮቿ አይንቀሳቀሱም፤ እጆቿ ብቻ ናቸው የሚሠሩት፤ ድምፅዋም የገበያ ወሬ የምታወራ ያህል የረጋ ነው።