ሞንቲቼሎ፤ ደርቡን የሚሰውር ቤት

የአንድን ሕንፃ ጥበብ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል። ይኸውም፤ ሕንፃ የምንለው በፊት ለፊት ለሚመጣው እንግዳ የሚታየውን ብቻ ነው ወይስ ማድ ቤቱንና ጓዳውን፣ ደረጃውንና ምድር ቤቱንም ጭምር ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው በሞንቲቼሎ ቤት ላይ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሞንቲቼሎ የቶማስ ጄፈርሰን የገጠር መኖሪያ ነበረ። ጄፈርሰን በ1776 የወጣውን የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ያረቀቀና በኋላም የአገሪቱ 3ኛ ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ነው። ከአባቱ በወረሰው ርስት ላይ የተራራውን ራስ አስደልድሎ በ1769 ቤቱን ማሠራት ጀመረ። ከ1784 እስከ 1789 በፓሪስ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ ሳለ የፈረንሳዮችን አዲስ የቤት አሠራር ስላየና ስለ ወደደ፣ ከተመለሰ በኋላ የቀድሞውን ቤት የላይኛውን ደርብ አስፈርሶ ከ1796 እስከ 1809 አስፍቶ እንደ ገና አሠራው። ቤቱ በ1960 በአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ1987 ደግሞ ጄፈርሰን ራሱ ካቀደው ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

አሁን ወደ ሕንፃው እንምጣ። ከምሥራቅ በኩል የሚመጣ እንግዳ የሚያየው ባለ አንድ ደርብ የሆነ፣ በቀይ ጡብ የተሠራና ነጫጭ ዓምዶች የቆሙለት ቤት ነው። ነገር ግን ይህ ባለ አንድ ደርብ የሚመስለው ቤት ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ደርቦች አሉት፤ ክፍሎቹም 33 ናቸው። ምሥጢሩ በመስኮቶቹ ላይ ነው። የሁለተኛው ደርብ መስኮቶች ከወለሉ ጋር ዝቅ ተደርገው ከታችኞቹ መስኮቶች ጫፍ ጋር ስለ ገጠሙ፣ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ እንደ አንድ ረጅም መስኮት ሆነው ይታያሉ። የሦስተኛው ደርብ ክፍሎች ብርሃን የሚያገኙት ከጣራው በተከፈቱ መስኮቶች ነው። ዋናው ደረጃ እንኳ የአዳራሹ ጌጥ እንዲሆን አልተፈቀደለትም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ያላቸው ሁለት ቀጫጭን ደረጃዎች በየጥጉ ተደብቀዋል። በምዕራቡ በኩል በ1800 የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ጉልላት ከሩቅ የቤቱ ሁሉ ዘውድ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ክፍል ግን የሚደረስበት በእነዚሁ ጠባብ ደረጃዎች ስለ ሆነ እምብዛም ሳይሠራበት ቀረ።

የመሰወሩ ጥበብ በዚህ አያበቃም። ማድ ቤቱ፣ የጋጣውና የበረዶው ቤት፣ ሌሎቹም የሥራ ክፍሎች በሰሜንና በደቡብ በተዘረጉ ሁለት ክንፎች ውስጥ ናቸው። ጄፈርሰን እነዚህን ክንፎች በተራራው ቁልቁለት ውስጥ ዝቅ አድርጎ ስላሠራቸው፣ ጣራቸው ከዋናው ቤት ወለል ጋር እኩል የሆነ የመናፈሻ ሰገነት ሆነ። በሰገነቱ ላይ የሚንሸራሸር እንግዳ ከእግሩ በታች ምግብ እንደሚበሰል አያይም። ምግቡም ከማድ ቤቱ በቤቱ ሥር በሚያልፈው መተላለፊያ መጥቶ፣ በመብል ቤቱ መግቢያ ላይ በሚሽከረከር ባለ መደርደሪያ በር ይገባል። የወይን ጠጁ ጠርሙስ በእሳት ምድጃው ግራና ቀኝ በተሰወሩ ትናንሽ ማንሻዎች ከታችኛው ጓዳ ይወጣል። ያበሰለው ሰው፣ የቀዳውም ሰው ከገበታው አይታይም።

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ጄፈርሰን በዕድሜው ዘመን ሁሉ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። ርስቱ 5000 ኤከር ያህል ሲሆን ጡቡን ያመረቱት፣ እንጨቱን የጠረቡት፣ ማሳውን ያረሱት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ዛሬ የሚደነቀው የውስጥ እንጨት ሥራ ከፊሉ የጆን ሄሚንግስ ነው፤ እርሱም በዚሁ ርስት በባርነት የኖረ ብልህ አናጢ ነበረ። በ1794 በተከፈተው የሚስማር መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ነበሩ። በመግቢያው አዳራሽ ያለው ትልቅ ሰዓት ወደ ውስጥ የዞረው ገጹ ሰዓቱን፣ ደቂቃውንና ሰከንዱን ያሳያል፤ ወደ ውጭ የዞረው ገጹ ግን የሰዓት ቆጣሪ ብቻ አለው። ለባለቤቱ ደቂቃው፣ ከውጭ ላለው ሠራተኛ ሰዓቱ ብቻ በቂ ነው ማለት ይመስላል።

አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ማድ ቤትን መሰወር በየአገሩ ያለ የቤት ደንብ ነው፤ ይህ እንደ ነውር ሊቆጠር አይገባም» ይል ይሆናል። ነገሩ ከፊል እውነት አለበት፤ ክንፎቹ ዝቅ በማለታቸው ተራራው ለዓይን ተከፍቷል፣ ይህም ታላቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን ጄፈርሰን እንደ መምህሩ የሚቆጥረው የ16ኛው መቶ ዓመት ኢጣሊያዊ የሕንፃ ሊቅ ፓላዲዮ እንዲህ አላደረገም። ፓላዲዮ በቬኔቶ ገጠር በሠራው በቪላ ኤሞ፣ የእርሻውን ጎተራና መሥሪያ ከጌታው መኖሪያ ግራና ቀኝ በግልጽ አሰልፎ የፊቱ ውበት ክፍል አድርጓቸዋል። እርሻው ቤቱን እንደሚመግብ ሕንፃው ራሱ ይናገራል። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ የክንፎቹን አሰላለፍ ወሰደ፤ ግልጽነቱን ግን ተወ። እንግዲህ መሰወሩ የሕንፃ ጥበብ ግዴታ ሳይሆን የባለቤቱ ምርጫ ነበር። ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ እንደ ተፈጠረ የጻፈ እጅ፣ እኩልነቱ የተነፈገውን ሰው ከዓይን የሚያርቅ ቤት ነደፈ።

የቤቱ ኋለኛ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ጄፈርሰን በ1826 ከ100,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ሲሞት፣ ዕዳው እንዲከፈል በጥር ወር 1827 በርስቱ ላይ 130 ባሮች ለሐራጅ ቀረቡ። ቤቱን በ1834 የገዛው የባሕር ኃይል መኰንን ዩራያ ሌቪ ከመፍረስ አዳነው፤ በ1923 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚጠብቀው ማኅበር ገዛው። የጡቡ ቤት ሲጠበቅ፣ በአጠገቡ መልበሪ ሮው በተባለው መንገድ ዳር የነበሩት የባሮቹ የእንጨት ጎጆዎች ግን ጠፍተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ2015 እንደ ገና ተሠርቶ ለጎብኚ ተከፈተ።

ፍርዴ ይህ ነው። ሞንቲቼሎ በልክ፣ በብርሃንና በአቀማመጥ ከታላላቆቹ ቤቶች አንዱ ነው፤ ጥበቡ ግን ደርብን ለመሰወር የዋለውን ያህል ሰውንም ለመሰወር ስለ ዋለ፣ አንዱን አድንቆ ሌላውን ዝም ማለት ምርመራ አይባልም። ስለዚህ እኛም ተማሪዎች አንድን የጥንት ቤት ልንለካና ልንነድፍ ስንሄድ፣ ከእልፍኙና ከአዳራሹ በፊት በማድ ቤቱ በር እንግባ። የቤቱ እውነተኛ ንድፍ ከዚያ ይጀምራልና።