ያልተጠየቀው መምህር፦ ከሴክተር ሪቪው እስከ ፕላዝማ

ስለ ኢትዮጵያ የትምህርት ማሻሻያዎች የተጻፈው አብዛኛው ጥናት የሚመረምረው ሰነዱን ነው፤ መዋቅሩን፣ በጀቱን፣ የተማሪውን ቁጥር። ጠመኔ ይዞ ክፍል የሚገባው ሰው ለውጡን መቼና ከማን እንደሰማ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኔ እይታ ማሻሻያዎቻችን በተደጋጋሚ የተሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

በ1964 ዓ.ም. የተጀመረውን የትምህርት ዘርፍ ግምገማ፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን፣ እንውሰድ። ዛሬ ላነበበው ሰነዱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ከኋላው ከመጡት ከብዙዎቹ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ትምህርት ከተማ ላይ መከማቸቱን፣ የገጠሩ ልጅ መረሳቱን፣ የሁለተኛ ደረጃ ምሩቅ ሥራ ማጣቱን አይደብቅም። መፍትሔ ያለው ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ማዳረስና ከዚያ በላይ ያለውን መቆጠብ ነበር። በወረቀት ላይ ስሌቱ ያስኬዳል። ጠላ ሸጣ ልጇን ለምታስተምር እናት ግን የደረሳት መልእክት ሌላ ነው፦ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የባለጸጋው ይቀጥል። መምህሩም በበኩሉ የታየው ሥራው ሲከብድ፣ ኑሮው ሲያሽቆለቁል ነበር።

ሰነዱ ለሕዝብ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞ ደረሰ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን አድማ መቱ፤ አድማው ከታክሲ ነጂዎች ተቃውሞ ጋር ገጥሞ አዲስ አበባን አናወጣት፤ መንግሥትም ዕቅዱን ወደ ጎን ለማድረግ ተገደደ። ይህ ሁሌም የአብዮቱ ዋዜማ ተብሎ ይተረካል፤ ልክ ነው። ነገር ግን የገጠሩ ልጅ ጥያቄም አብሮ መደርደሪያ ላይ መውጣቱን የሚያነሳ የለም።

ከ30 ዓመት በኋላ ተራው የፕላዝማ ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትምህርት በሳተላይት ወደ ፕላዝማ ቴሌቪዥን መሠራጨት ጀመረ። ሐሳቡ ከደብረ ብርሃንም ከጎዴም ያለው ተማሪ እኩል ጥራት ያለው ትምህርት ያግኝ የሚል ነው፤ ማን ይቃወማል? ክፍሉ ውስጥ የሆነው ግን ይኸው፦ የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ያለችው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ተማሪው ጥያቄውን ገና ጽፎ ሳይጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሟል። ግራ የተጋባውን ፊት ያያል፤ ላስቁም፣ ላስደግም ቢል ግን አይችልም፣ ሥርጭቱ ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በቀረው ደቂቃ አዳኝ እንዲሆን ይጠበቅበታል።

መምህራን ለውጥ ይጠላሉ የሚለው አባባል በየስብሰባው ይሰማል። እኔ አይዋጥልኝም። ሙያውን ነጥቆ ተጠያቂነቱን የሚያስታቅፍ ለውጥን መጥላት የጤነኛ ሰው ጠባይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅም ጣት ከተቀሰረባቸው አንዱ ይኸው መምህር ነው።

የሚቀጥለውን ረቂቅ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች ሆይ፣ ሰነዱ ከመጽደቁ በፊት በየወረዳው ላሉ መምህራን አድርሱት፤ «ይህ በኔ ክፍል አይሠራም» የሚሉትንም ከነምክንያቱ መዝግባችሁ ከረቂቁ ጋር አያይዙት።